ቀዩን ክር የፈታሁት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እናቴ አታውቅም፣ ባለቤቴ አያውቅም፣ እሑድ እሑድ አብረውኝ የሚጸልዩት ሴቶችም አያውቁም። ዛሬ የምናገረው ድንገት ደፋር ሆኜ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ጉኑኖ ሄጄ የሰማሁት ነገር ሰላም ስለነሳኝ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ሶዶ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኔትወርክ ባለሙያ ነበርኩ። ከሥራው ጎን ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ስለነበር ለመመረቂያ ጽሑፌ አንድ ፕሮግራም እየሠራሁ ነበር። ፓኬት የሚያመነጭ ፕሮግራም ነው። ፓኬት ማለት በኔትወርክ መስመር ላይ የሚመላለስ ትንሽ የመረጃ ጥቅል ነው፤ የእኔ ፕሮግራም ባዶ ጥቅሎችን በገፍ እየፈጠረ መስመሩ ላይ ይለቃል፣ ከዚያ ስንቱ እንደ ደረሰ፣ ስንቱ መንገድ ላይ እንደ ቀረ ይቆጥራል። የቦዲቲ አስፋልት ስንት ባጃጅ እንደሚችል ለማወቅ የከተማውን ባጃጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደ መልቀቅ ቁጠሩት። ታዲያ እንዲህ ያለው ሙከራ የሚደረገው ሌላ ሰው በማይጠቀምበት መስመር ላይ ብቻ ነው። ይህን አውቅ ነበር። ኋላ አላውቅም ነበር ብዬ እንዳላመልጥ አስቀድሜ ልናገረው።

የኮሌጁን ገመድ ሁሉ የዘረጉት ጋሽ ዳና ናቸው። ኮንትራት ሠራተኛ ነበሩ፤ ቋሚ የሚያደርጋቸው ደብዳቤ ዛሬ ነገ እየተባለ ዓመታት አልፈዋል። በገመዶቹ ላይ የምንለጥፈው ወረቀት እየረገፈ ሲያስቸግረን፣ ዱንጉዛ የሚባለውን የወላይታ ልብስ ከሚሸምነው ወንድማቸው ቤት ትርፍራፊ ክር አምጥተው በየገመዱ ጫፍ አሰሩ። ቀይ ለፈተና አዳራሹ፣ ቢጫ ለእኔ መለማመጃ ክፍል፣ ጥቁር ለቢሮዎች። አስተሳሰራቸው የሸማኔ ቋጠሮ ነው፣ ቢጎትቱት አይላላም። እኔንም አጠገባቸው አስቀምጠው ቋጠሮውን አስተምረውኛል። አፍ የፈቱት በወላይትኛ ነውና አማርኛ ሲያወሩ አንዳንዴ ወንድ ያደርጉኛል። «አንተ ልጅ፣ ቀይ ካየህ እጅህን ሰብስብ» ይሉኝ ነበር። እኔም እየሳቅሁ እሺ እል ነበር።

እሺ ብልም እጄን ግን አልሰበሰብኩም። ዕለቱ ዓርብ ነው፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ። አዳራሹ ውስጥ ተማሪዎች በኮምፒውተር የመውጫ ፈተና እየተፈተኑ ነው። አማካሪዬ ሰኞ ውጤት ይጠብቃል። በቢጫው መስመር ላይ ያሉኝ አምስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ የሚወጣው ግራፍ ለሰው የሚያሳዩት አልነበረም። ሰው የሚሠራበት መስመር ላይ ብሞክረው እንዴት ያምር ነበር! ለአንድ ደቂቃ ብቻ፣ ማን ያውቃል? ከራስ በላይ ነፋስ አይደል የሚባለው? ከቀዮቹ ገመዶች መካከል ትርፍ የነበረውን አንዱን አንስቼ ኮምፒውተሬ ላይ ሰካሁ። የአዳራሹን አድራሻ በገዛ ጣቶቼ ጻፍኩ። ፕሮግራሙን በሙሉ ፍጥነት አስነሳሁት።

ደቂቃም አልሞላ፣ ከግቢው ማዶ ጫጫታ ሰማሁ። የአዳራሹ ኮምፒውተሮች በሙሉ ደርቀው ቀርተዋል። ገመዱን ነቀልኩ። እስከዚህ ድረስ ያለው ጥፋት ነው፣ ሰው ያጠፋል፤ ቆሜ «እኔ ነኝ» ብል ኖሮ ምናልባት በተግሣጽ አልፍ ነበር። እኔ ግን ምን አደረግሁ? ኮሪደሩ ላይ የሰው ኮቴ ሲቀርብ ቀዩን ክር ፈታሁት። ቀዩን ኪሴ ከትቼ ከሌላ ገመድ ላይ የፈታሁትን ቢጫ ክር በቦታው አሰርኩ። ያሰርኩት ደግሞ ጋሽ ዳና ባስተማሩኝ ቋጠሮ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴ ተቀመጠ። «ክሩ ቢጫ ስለነበር የእኔ ክፍል መስሎኝ ነው» አልኩ። ያልኩት ይህንኑ ብቻ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ ግን ወለምታ አልነበረም፣ አስቤበት ነው የተናገርኩት። ፕሮግራሜ የጻፍኩትን አድራሻ ከነሰዓቱ መዝግቦ ይዞ ነበር፣ ክፈቺና አሳዪን ያለኝ ግን የለም።

ጋሽ ዳና ተጠሩ። ገመዱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት፣ ቋጠሮውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ቋጠሮው የእኔ ነው» አሉ። «እኔ ነኝ እንግዲህ። ለቀይ ቢጫ አስሬያለሁ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ። «ልጄ፣ በእኔ ምክንያት ደነገጥህ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ግድ የለም» አልኳቸው። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ይቅርታ አደረግሁላቸው!

ተማሪዎቹ በማግስቱ በድጋሚ ተፈተኑ፣ እነሱስ ተረፉ። የጋሽ ዳና ደብዳቤ ግን ሳይፈረም ቀረ፣ ኮንትራታቸውም ሲያልቅ አልታደሰም። አገራቸው ጉኑኖ ገቡ። እኔ ተመረቅሁ፣ ግራፌ ተወደሰ። ይኸው አሁን ሌላ ቦታ ሆኜ በዚያው ፕሮግራም አስተምራለሁ፣ በመጀመሪያው ቀን የምጀምረውም «ሰው በሚጠቀምበት መስመር ላይ እንዳትሞክሩ» ብዬ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚለውን ተረት አምኜ ብቀመጥም የእኔው እያደር ከበደ።

ባለፈው ሳምንት የአንድ ትምህርት ቤት ኔትወርክ ልሠራ ጉኑኖ ሄድኩ። ጋሽ ዳና መምጣቴን ሰምተው ካልገባህ ብለው እጄን ይዘው ቤታቸው ወሰዱኝ። ባለቤታቸው ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅለው በዳጣ አቀረቡልኝ። ጋሽ ዳና አሁን ወንድማቸውን ያግዛሉ፣ ለሽመና የሚሆን ክር ይለያሉ። እያወራን አንድ ልቃቂት አነሱና ወደ ባለቤታቸው ዘረጉት።

«ይኼ ቀይ ነው ቢጫ?»

«ቀይ ነው» አሉ ሴትዮዋ፣ ቀና ሳይሉ። የለመዱት ጥያቄ እንደሆነ ያስታውቃል።

ዓይናቸውን አሟቸው እንደሆነ ጠየቅሁ።

«ሶዶ ሄጄ ታየሁ። ሐኪሙ ደኅና ነው አለኝ» ብለው ሳቁ። «ሐኪም ምን ያውቃል? ያን ቀን ቀይ ነው ብዬ ቢጫ አስሬ የለ? ከዚያ ወዲህ ዓይኔን አላምነውም። ሳልጠይቅ ክር አልነካም።»

አያችሁ? እኔ የወሰድኩባቸው ሥራ ብቻ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ጤነኛ ዓይን ይዘው ሦስት ዓመት ሙሉ ቀለም ሲለምኑ ኖረዋል። እኔስ ይህን ሰምቼ ምን አደረግሁ? ቦዬዬን ጨርሼ፣ አመስግኜ፣ ባጃጅ ይዤ ተመለስኩ። ሁለተኛ በደልኳቸው፤ በዚህኛው ጊዜ ደግሞ ኮሚቴ አልነበረም፣ የሚያስፈራኝም ሰው አልነበረም።

ወጣት ነበርኩ፣ ጨንቆኝ ነበር አልልም። የሚጨንቀው ሁሉ የሰው ክር አይፈታም። ያንን የፕሮግራሙን መዝገብ አትሜዋለሁ፤ ቀዩም ክር ሳልጥለው ቆይቶ እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ነገ ጠዋት ወረቀቱን ለኮሌጁ ኃላፊ ሰጥቼ፣ ክሩን ይዤ ጉኑኖ እሄዳለሁ። እናንተ ይቅር በሏት አትበሉልኝ፣ የይቅርታው ባለቤት እሳቸው ናቸው፤ ቢከለክሉኝም እውነት አላቸው። ፈሪ መሆኔን ግን አውቃለሁ። ደጃቸው ስደርስ አንደበቴ ቢታሰር ይህ ጽሑፍ ይድረሳቸው ብዬ ነው የጻፍኩት።

ጋሽ ዳና፣ ዓይንዎ ደኅና ነው። ያሰሩት ቀይ ነበር።