መቀጠያ የሌለው ክር

ዛሬ ጠዋት የልጄ ሹራብ አንገቱ ተተርትሮ፣ መርፌና ክር ፍለጋ የስፌት ቆርቆሮዬን ከፈትኩ። ከቁልፎቹ ሥር የክብሪት ቀፎው ብቅ አለ። ልጄ ቀድማኝ አነሳችና ከፈተችው፤ "እማዬ፣ ይሄ የተበጠሰ ክር ምን ያደርግልሻል?" አለችኝ። መልሼ ነጠቅኳት። ሁለት ቁራጭ ጥቁር ክር ነው፤ ቤት በቀየርኩ ቁጥር አብሮኝ ዞሯል። ለሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል።

መሐል ሜዳ ከተማ ቤት ተከራይቼ ስምንተኛ ክፍል እማር ነበር። በወላጆች ቀን የሳይንስ መምህራችን ክር በመቀስ ካስቆረጠ በኋላ መልሶ ሙሉውን አሳየን። ሌላው አጨብጭቦ ሄደ፤ እኔ ግን ሳምንት ሙሉ ተከትዬ አሰለቸሁትና ምስጢሩን ነገረኝ። ዘዴው ቀላል ነው። አጭር ቁራጭ መዳፋችሁ ውስጥ ትደብቃላችሁ፤ የሚቆረጠው እሱ ነው፤ ረጅሙን ክር መቀስ አይነካውም። "ዋናው አፍሽ ነው፤ እጅሽን እንዳያዩ የሆነ ነገር አነብንቢ" አለኝ።

ለፋሲካ አገር ቤት ገባሁ። በማግስቱ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ጠላ ሊጠጣ ተሰበሰበ። አባቴ የባና ብርድ ልብስ ሸማኔ ስለነበር ቤታችን ዓመቱን ሙሉ የበግ ጠጉር ይሸታል። የሚሸምነውን ክር የሚፈትሉለት እናቴና የክርስትና እናቴ ነበሩ። ከእናቴ ልቃቂት ጥቁር ክር ቆርጬ፣ በሩ ላይ ፀሐይዋ ከምታርፍበት ቦታ ቆሜ፣ "አንድ ነገር ላሳያችሁ!" አልኩ። መቀሱን ለአባቴ ሰጠሁት። እሱም እየሳቀ ቀጭ አደረገው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አነበነብኩ፤ አፌ ላይ የመጣልኝ ደግሞ አቡነ ዘበሰማያት ነበር። እጄን ስዘረጋ ክሩ ሙሉ ነው። ቤቱ በእልልታና በሳቅ ተናወጠ።

የክርስትና እናቴ ብቻ አልሳቁም። ክሩን ተቀብለው በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሀል ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፉት። ዕድሜ ልካቸውን ሲፈትሉና ሲቀጥሉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው እንኳ የክር መቀጠያ አያመልጣቸውም፤ እናቴን ስንቴ "እዚህ ጋ አሳብጠሽዋል" ብለው አስፈትተዋታል። ደግመው ዳሰሱት።

"መቀጠያ የለውም" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "በምንድን ነው?"

ዘዴ ነው ማለት ነበረብኝ። ግን ትልልቅ ሰዎች ሁሉ እኔን እያዩ ነበር፤ ጣፈጠኝ። "በጸሎት ነዋ!" አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

በነጋታው ከቤታችን ጀርባ ካለው የድንጋይ ካብ ሥር ጠበቁኝ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ሁለት ቁራጭ ጥቁር ክር አወጡ። የልጃቸው ማተብ ነው። አንድ ልጃቸው ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት ታሞ፣ ሰዎች በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ ሲያወርዱት ማተቡ እንጨቱ ላይ ተይዞ ለሁለት ተበጠሰ፤ ልጁም ከሐኪም ቤት በሕይወት አልተመለሰም።

"አንገቱን ባዶውን ሄደብኝ" አሉኝ። "በወዲያኛው ዓለም በምን ይለዩታል? ያንን ጸሎት ድገሚና ቀጥይልኝ፤ ባንገቴ አስሬ ስሄድ እወስድለታለሁ።"

የቁራጮቹን ርዝመት በዓይኔ ለካሁ። "ነገ ይምጡ" አልኳቸው።

ያን ቀን የሠራሁትን ያህል ተጠንቅቄ የሠራሁት የትምህርት ቤት ሥራ የለም። ከእናቴ ልቃቂት አዲስ ክር ወስጄ አከረርኩት፤ ያረጀ እንዲመስል በአመድ አሸሁት፤ በልኩ ቆረጥኩት። በነጋታው ፊታቸው ቁራጮቹን ተቀብዬ ጨብጬ፣ አቡነ ዘበሰማያትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደግሜ፣ አዲሱን ክር ሰጠኋቸው። የተበጠሰውን ቀሚሴ ኪስ ከተትኩት።

በጣታቸው አሳለፉት። መቀጠያ የለውም። ክርስትና ያነሱኝ ሴት ተንበርክከው ሁለት እጆቼን ሳሙ። እኔ ነበርኩ እግራቸው ላይ መውደቅ የነበረብኝ። ከዚያ ክሩን ወደ አፍንጫቸው ወሰዱት። አሸተቱት።

"ጠረኑ የለም" አሉ።

አንድ ጊዜ ደግመው አሸተቱ። "ግዴለም። እግዜር ሲቀጥለው ጠረኑን ለራሱ አስቀርቶ ይሆናል።"

ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ቤት ገብቼ ከኪሴ ሳወጣው ቅቤ ቅቤ፣ ልጅ ልጅ ይሸት ነበር። ልመልስላቸው ብሮጥ ኖሮ ገና ካቡ ጋ እደርስባቸው ነበር። አልሮጥኩም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ እውነት ግን ባደረ ቁጥር ለመናገር እየከበደ ሄደ። አንድ ጥምቀት ቆርጬ ተነስቼ የክብሪት ቀፎውን ይዤ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነበር። ገና ከበሩ ሳልገባ፣ እንግዳ ተቀምጣ ነበርና፣ "ይችው መጣች! ልጄን የመለሰችልኝ ይች ናት እኮ!" አሏት። ጭኮ አቀረቡልኝ። በላሁና ወጣሁ።

አምና እናቴ ደወለች። "የክርስትና እናትሽ አረፉ" አለችኝ። "ያችን ክር እንዳትፈቱብኝ ብለው ነበር፤ ባንገታቸው እንዳለች ቀበርናቸው። ደስ ብሏቸው ነው የሄዱ፤ አንቺም ብፅዕት ነሽ ልጄ።"

ስልኩን ዘጋሁ። ሴትዮዋ ለልጃቸው የእናቴን ልቃቂት ክር ይዘውለት ሄዱ። የሱ እኔ ጋ ነው።

ዛሬ ሹራቡን ሰፍቼ ስጨርስ፣ ልጄ ወደ ደጅ እስክትወጣ ጠብቄ የክብሪት ቀፎውን ከፈትኩና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ክብሪት ክብሪት ይላል እንጂ ሌላ ምንም የለውም።