ቡሪ ላይ የተገለበጥንበት ዓርብ

ሰሞኑን የእድራችን ድንኳን በዝናብ ርሶ አጥራችን ላይ ተሰጥቶ ነበር። እርጥብ ሸራ ፀሐይ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ ልብስ ላሰጣ በወጣሁበት ያዘኝና ሳፋውን እንደታቀፍኩ ቆምኩ። ሰው ቢያየኝ ለቅሶ ትዝ ብሏት ነው ይል ነበር። እኔ ግን ካርቱም ነበርኩ፤ ቡሪ፣ ዓባይ ዳር፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ።

አባቴ ካርቱም የሄደው እኔ ጡት ሳልጥል ነው። ቡሪ በሚገኝ አንድ የጀልባ ክበብ አናጢ ሆኖ የተሰነጠቀውን ሲደፍን፣ የላላውን ሲያጠብቅ ዓመታት አለፉ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ለጥር ዕረፍት ከአክስቴ ጋር ወደሱ ላከችኝ። «አባባ በዪው፣ ደስ ይለዋል» ብላ መክራኝ ነበር፤ አፌ ግን እንቢ አለኝ። ያ ጢሙ የሸበተ፣ በዓረብኛ የሚስቅ ሰውዬ እንዴት አባባ ይባላል? አንድ ነገር ስፈልግ ፊቱን ወደ እኔ እስኪያዞር ቆሜ እጠብቅ ነበር፤ ውኃ ጠምቶኝ እንኳ ጀርባውን እያየሁ የቆምኩበት ጊዜ አለ። እሱም ገብቶታል መሰለኝ፣ ሳይናገር ቶሎ ቶሎ ዞር ማለት ጀመረ።

ዓርብ ዓርብ የክበቡ ሰዎች በትንንሽ ባለሸራ ጀልባ ይወዳደሩ ነበር። ውድድር ይባል እንጂ ጨዋታ ነው፤ ሽልማቱም ከሁሉ ቀድሞ ሻይ መጠጣት። አባቴ አንዲት አሮጌ ጀልባ ጠጋግኖ አብሯቸው ይገባል። የዚያን ዕለት ጓደኛውን ዑስማንን ወባ ጣለውና የሸራውን ገመድ የሚይዝለት ሁለተኛ ሰው ጠፋ።

«ትመጪያለሽ?» አለኝ አባቴ።

«ኧረ በማርያም! የሰው ልጅ ይዘህ ውኃ ላይ?» ብላ አክስቴ ጮኸች።

«የሰው?» አለ እየሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

መንሳፈፊያ ሰደርያ አለበሰኝ፣ ማሰሪያውን ደጋግሞ ፈተሸ፣ የሸራውን ገመድ አስያዘኝ። ጀልባዋ ወደ አንድ ወገን ስታጋድል ወደተነሣው ወገን ቶሎ እንድወጣም ነገረኝ። እሺ አልኩ። ነገር ግን የጎርጎራ ልጅ ነኝ፤ ጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚሻገር ሰው የሚያውቀው ሕግ አንድ ነው፣ መሐል ቁጭ፣ ንቅንቅ የለም። ስለዚህ የሰሜኑ ነፋስ ሸራችንን ሞልቶ ጀልባዋ ስታጋድል፣ አባቴም «ያላ! ውጪ፣ ውጪ!» እያለ ሲጮህ፣ እኔ እንደ ጨዋ ልጅ እግሬን ሰብስቤ ጭራሽ ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

ተገለበጥን።

የጥር ውኃ ትንፋሽ ይነጥቃል። ሰደርያው ብቅ አደረገኝ። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ እርጥቡን ሸራ ከፍ ከፍ እያደረገ ከሥሩ ይፈልገኛል፤ በአማርኛም በዓረብኛም ይጣራል። ዓባይ ደግሞ ይዞኝ እየሄደ ነው። አባቴ እስኪዞር መጠበቅ አልቻልኩም።

«አባባ!»

ዞረ። ያንን ፊት ዛሬም አየዋለሁ።

ከፊት ይመሩ የነበሩት ሽማግሌ፣ ሁሉም ዓም፣ አጎት፣ የሚላቸው ኢድሪስ፣ ውድድሩን ትተው ጀልባቸውን አዙረው ደረሱልን። «ማለሽ ያ ቢንቲ፣ ማለሽ» እያሉ፣ ምንም አይደል ልጄ ማለታቸው ነው፣ ክንዴን ይዘው ጎትተው አወጡኝ። ሌሎቹም ሸራቸውን አላልተው ጠበቁን። ጀልባችንን አቃንተው፣ ውኃውን ጨልፈው፣ መልሰው አሳፈሩንና መጨረሻ ገባን። ዳር ስንደርስ ሻዩ ተቀድቶ ማንም አልነካውም ነበር፤ የመጀመሪያው ብርጭቆ ለእኔ ተሰጠ። አባቴ በፎጣ ጠቅልሎኝ «እኔን ለመጥራት ጀልባ መገልበጥ ነበረብሽ?» ሲለኝ አክስቴ እያለቀሰች ሳቀች።

እሱ እዚያው አርፎ እዚያው ተቀበረ። እዚያ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ መቃብሩን የሚያይለት ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ሻይ ያቀበሉኝ ሰዎችም የት እንደተበተኑ አላውቅም። ስጸልይ የማውቀውን ስም እየጠራሁ፣ የማላውቀውንም በደፈናው፣ አመሰግናለሁ። ባዳ ልጅ አላሉኝም።

አሁን የልጆች እናት ነኝ፣ ፈሪ እናት። ሐይቁ ዳር ስንወርድ እጃቸውን ጨብጬ ከውኃው ራቅ አድርጌ ነው የማቆማቸው፤ አንድም ቀን ለቅቄያቸው አላውቅም። አባቴ ግን ገና አባባ ብላ ላልጠራችው ልጅ የጀልባውን ገመድ አስያዛት። ያን ድፍረት ከየት እንዳመጣው ሳልጠይቀው ሄደ።