ያልተቆጠረው ትንፋሽ

ያን ጊዜ ጤና ጣቢያው ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ «ደቂቃ» ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጣላት አብሯት ጤና ረዳትነት የሚማር፣ አፉ ከእጁ የሚፈጥን ልጅ ነው፤ እሱንም ሁሉም «ቀልዴ» ይለዋል። ልኬት ክፍል ውስጥ የበሽተኛ እጅ ከያዘች ሙሉ ደቂቃ ሳይሞላ አትለቅማ! ሰልፉ ኮሪደሩን አልፎ በሩ ድረስ ይደርሳል፣ ሰው ያጉረመርማል፣ አንዷ «እቺ ልጅ መዳፍ ታነባለች እንዴ?» ትላለች። እሷ ግን አንዴ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት፣ አንዴ የበሽተኛውን ደረት እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ሰው ትጉህ ናት ይላታል። ፍርሃት መሆኑን የሚያውቅ የለም።

መጀመሪያ እንዲህ አልነበረችም፤ እንዲያውም ፈጣን ነበረች። ያሳደገቻት አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት። ትምህርት ቤቱ የተቀበላት ቀን ነጩን ጋውን በገዛ እጇ ሰፍታ፣ ኪሱ ጠመመ ብላ ሁለት ጊዜ ፈትታ አስተካክላ፣ «እንግዲህ የኔ ልጅ፣ እኔ የሰው ልብስ ስለካ ኖርኩ፣ አንቺ ደግሞ ሰውየውን ራሱን ትለኪያለሽ» ብላ አለበሰቻት። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው» አለች። «ኧረ አክስቴ፣ ረዳት ነኝ» ስትላት «ዝም በይ፣ ረዳት የሌለው ሐኪም ምን ይፈይዳል?» አለቻት። ልጅቷ መግቢያ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው ነው ያለፈችው። ይሄ ካመለጣት ሌላ የለም።

አስተማሪያቸው በመጀመሪያው ሳምንት አራት ነገር መለካት አስተማራቸው፤ ትኩሳት፣ ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ። «ትንፋሽ ስትቆጥሩ ለበሽተኛው አትንገሩት» አለ። «ሰው ትንፋሹ እንደሚቆጠር ካወቀ አተነፋፈሱን ይቀይራል። የልብ ምት የምትቆጥሩ መስላችሁ እጁን ያዙ፣ ዓይናችሁን ደረቱ ላይ ጣሉ፣ ሙሉ ደቂቃ። ያልለካውን ቁጥር የጻፈ ተማሪ ደግሞ ደብተሩን ይዞ ወደ ቤቱ።»

ለልምምድ ጤና ጣቢያ ስትገባ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ቀልዴ በአንድ ወር ቀድሟት ገብቶ ስለነበር እንደ አሮጌ ሠራተኛ ነበር የሚያደርገው።

«ትንፋሽ ላይ ሃያ ብለሽ ጻፊ» አላት።

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም! የሰው ልጅ ሲፈጠር ሃያ ነው የሚተነፍሰው። ሃያ ያልሆነው የሞተ ነው፣ እሱ ደግሞ ሰልፍ አይሰለፍም።»

ሳቀች። መዝገቡን ገልጣ ስታይ እውነትም ከላይ እስከ ታች ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ ነው፤ ነባሮቹም የጻፉት እንደዛው። እሷም ሃያ ማለት ጀመረች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ማንም ምንም አልሆነም።

ከዛ አንድ ሽማግሌ መጡ። ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው፤ ከባለቤታቸው ጋር ነበሩ። ሰኞ ጠዋት ስለነበር ሰው እንደ ጉንዳን ነው። እጃቸውን ስትይዝ «ልጄ...» አሉና ዝም አሉ። «እጄን...» አሁንም ዝም። «ለጋብቻ ነው... የያዝሽው?»

ባለቤታቸው «ኧረ እፈር፣ በዚህ ዕድሜህ!» ብለው ትከሻቸውን ቸብ አደረጓቸው። ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው መሰሏት። የልብ ምታቸውን ግማሽ ደቂቃ ቆጥራ በሁለት አባዛች፣ ትኩሳቱን ጻፈች፣ ትንፋሽ በሚለው ቦታ ሃያ አለች።

በሽተኛ የምትለየው ሲስተር ወረቀቱን ቃኘት አድርጋ «እሳቸው ይቆያሉ፣ መጨረሻው አግዳሚ ላይ» አለች። ምን ታድርግ፣ ወረቀቱ ደህና ናቸው ነው የሚለው። ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀመጡ። አንዴ ብድግ ብለው ወደ ሐኪሙ በር ሊሄዱ ሲሉ ባለቤታቸው ጃኬታቸውን ይዘው «ታገስ እንጂ፣ ደህና ነህ ብለዋል እኮ! በሰው ተራ አትግባ» ሲሉ ልጅቷ በጆሮዋ ሰምታለች። ተቀመጡ። ስማቸው ሲጠራ አልተነሱም።

«ሳንባ ነው» አለ ሐኪሙ፣ «ጠዋት ቢደርሱኝ ኦክስጅን አድርጌላቸው ነበር።» መዝገቡን ገልጦ ያየ የለም። እሷ ግን አየችው። የራሷ ጽሑፍ ነው፤ ሁለቷ የተንጋደደች፣ ዜሮዋ በጥድፊያ ያልተዘጋች።

ከዛ ቀን ወዲህ ዓለሙ ሁሉ ደረት ሆነባት። ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊቷ የተቀመጠውን ትቆጥራለች። አክስቷ ስፌት መኪናው ላይ ስታጎነብስ ትቆጥራለች።

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ?» ትላታለች አክስቷ፣ «ቀንድ አወጣሁ እንዴ?»

ሰው በንግግሩ መሃል ቆም ካለ ዓይኗ ደረቱ ላይ ነው። አንድ ቀን አስተማሪው ቃል ጠፍቶት ዝም ሲል ሳታስበው ብድግ ብላ ቆመች፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት። የባሰው ግን ልኬት ክፍል ብቻዋን ስትሆን ነው። ባዶው ወንበር ላይ የሚቆራረጥ ትንፋሽ ይሰማታል። ቀና ስትል የለም፣ አንገቷን ስትደፋ አለ። ትቆጥረዋለች፤ ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ... ደቂቃው ሳይሞላ ጥፍት ይላል። እንደገና ከአንድ ትጀምራለች።

በወሩ የሽማግሌው ባለቤት መጡ፤ ግፊት አለባቸው። «እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ?» አለቻቸው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አሉ እማማ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው። «ልጄ በያጅ ነው፣ ከዚህ ከኋላችሁ ነው የሚሠራው። ከቀብር ስንመለስ ‹አባዬ ሊነሳ ሲል ጃኬቱን የያዝሽው አንቺ ነሽ› አለኝ። ከዛ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ምሳ ይዤለት እሄዳለሁ፣ በሰው እጅ ይመልሰዋል። እውነቱን ነው እኮ፣ ይዤዋለሁ።»

ልጅቷ የግፊት መለኪያውን ጨርቅ ጠቅልላ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራች። በሁለተኛው ወርም አልነገረቻቸውም። እማማ ከስተው ነበር።

ለቀልዴ ነገረችው። «አብደሻል?» አላት። «ብትናገሪ ሰውየው ይነሳሉ? እዚህ ሁላችንም ሃያ ነን! አንቺን ሲያባርሩ እኛን ይስሙናል እንዴ?»

«አንተን አይሰማህም?»

«ምኑ?»

«ትንፋሹ።»

ቀልዴ ቀልድ አጣ። «ደክሞሻል፣ ቤትሽ ሂጂ» ብሏት እሱው ሄደ።

በሦስተኛው ወር የእማማ ግፊት ሰማይ ነክቶ ነበር። «መድኃኒቱን አይወስዱም እንዴ?» አለቻቸው።

«ለማን ብዬ ልጄ?»

ይሄኔ አፏ በራሱ ተከፈተ። «እማማ፣ እርስዎ አይደሉም። እኔ ነኝ። ያን ቀን ትንፋሻቸውን አልቆጠርኩም። ዝም ብዬ ነው ሃያ ያልኩት። ደህና ናቸው የተባለው በኔ ወረቀት ነው። ብቆጥር ኖሮ ቀጥታ ነበር የሚገቡት።»

እማማ ዓይናቸውን አልነቀሉባትም። «ስንት ነበር?» አሉ።

«አላውቅም።»

«በግምት?»

«አላውቅም እማማ። አላየሁም።»

ይጮሁብኛል ብላ ጠበቀች። እማማ ጨርቁን ከክንዳቸው ራሳቸው ፈቱ። «ተነሺ» አሉ።

«ወዴት?»

«ልጄ ጋ። ለኔ ብቻ ነግረሽኝ የሚያልቅ መሰለሽ?»

ጋውኗን እንደለበሰች ተከተለቻቸው። ቀልዴ «ደቂቃ! ሰልፉን ለማን ትተሽ ነው?» ብሎ ጮኸ። ዞር አላለችም።

በያጁ ጥቁር መከላከያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ የብረት በር እየበየደ ነበር። እናቱን ሲያይ ጀርባውን ሰጠ። «እኔን አታናግረኝ፣ እሷን ስማት» አሉ እማማ። ልጅቷ ተናገረች፤ የብየዳው ድምፅ ዋጠው። አጠፋውና «ምን?» አለ። ደገመችው፣ ሃያውንም፣ አግዳሚውንም፣ ሁሉንም።

መከላከያውን ገለጠ። «አለቃሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ነገ እኔ ባለሁበት ትነግሪዋለሽ።»

«እነግረዋለሁ።»

«ያባርሩሻል እኮ።»

«አውቃለሁ።»

እጁ ከፍ ሲል ሊመታት መስሏት ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጥ ጓንቱን እያወለቀ ነበር። ከጥጉ ባዶ የቀለም ባልዲ አምጥቶ ገለበጠ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፣ እናቱን ሳያይ «ቁጭ በይ እማዬ፣ ፀሐይ ነው» አለ። እማማ ተቀመጡ። እሱም አጠገባቸው መሬቱ ላይ ቁጢጥ አለ። ልጅቷ ሂጂም፣ ቆይም የሚላት ስላጣች ገና በሚፋጀው በር አጠገብ ቆማ ቀረች።