የማይጥለው ብሬከር

ፀሐይወርቅ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ የግዢ ሠራተኛ ናት። ምስጉን ነበረች፤ ምን ይደረግ፣ ሰው የሚሰናከለው በተመሰገነበት ነው።

የፋብሪካው አሮጌ ብሬከር ጭነት በበዛበት ቁጥር መብራቱን ይጥላል። ወፍጮው ይቆማል፤ የፈረቃ ኃላፊው ገድሉም ይነጫነጫል። ኤሌክትሮኒክ ብሬከር ይገዛ ተባለና ፀሐይወርቅ ከአዲስ አበባ ነጋዴዎች ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰበች። ዋጋው ያነሰው አሸነፈ፤ ደንቡ ነው። ካርቶኑ ያብረቀርቃል፤ ውስጡን ማን አየ?

ቢያዝን የሚባለው ኤሌክትሪሺያን ገጠመው። አዲሱ አንድም ቀን አልጣለም። ገድሉ ባገኛት ቁጥር "እጅሽ ይባረክ" ይላታል፤ ደስ ይላታል። የማይጥል ብሬከር የሞተ ብሬከር መሆኑ ማንም አላሰበውም።

ክረምት ላይ የወፍጮው ሞተር ገመድ ተነካካ። መቁረጥ የነበረበት ብሬከር ዝም አለ። የኤሌክትሪክ ቦርዱ ፊት የነበረው ቢያዝን ነው፤ እሳቱ ወጥቶ ያዘው። አላደረም።

ቀብሩ አገሩ ዘጌ ሆነ፤ የፋብሪካው ሰው በጀልባ ተሻገረ። ሴቱ ደረቱን ሲደቃ ፀሐይወርቅ እንደ ግንድ ቆመች። ልቧ ውስጥ ሐዘንም ፍርሃትም የለም። ከኋላዋ አንዷ "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" ስትል ሰማች። ሰምታም ምንም አልመሰላት።

የሟች እናት እማማ ወለተ ኪዳን እጇን ያዙ።

"ዕቃ የምትገዛው አንቺ ነሽ አይደል ልጄ? 'እሷ ያመጣችውን ዐይኔን ጨፍኜ ነው የምገጥመው' ይለኝ ነበር።"

"እኔ ነኝ የገዛሁት፣ እማማ።"

አልገባቸውም። "እግዜር ይስጥልኝ" አሏት።

ከዚያ በኋላ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትሠራለች፤ ሁሉም አንድ ነው። ሌላ ብሬከር ይገዛ ሲባል ያው ነጋዴ እንደገና ዝቅተኛውን ዋጋ ላከ። ፕሮፎርማውን ጠረጴዛ ላይ ትታ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ አዲስ አበባ ወረደች። ሱቅ ለሱቅ እየዞረች "ሲጥል ልየው" ትላለች።

"እህቴ፣ ብሬከር እኮ እንደ ሐብሐብ ተቀምሶ አይገዛም" አላት አንዱ። አልሳቀችም፤ ወደሚቀጥለው ሄደች። በመጨረሻ መፈተሻ ያለው ሰው ተገኘ። ጭነቱን ከልክ በላይ ከፍ አደረገላት፤ ብሬከሩ ቀጭ ብሎ ጣለ። "ድገመው" አለችው። ደገመው። ውዱን ገዝታ ተመለሰች፤ ደንብ ጣስሽ ተብላ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። እሱም ምንም አልመሰላት።

አዲሱ በተገጠመ በሳምንቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፋብሪካው ጭልም አለ። ወፍጮው ቆመ። ገድሉ ቢሮዋ ድረስ መጣ።

"ምን ዓይነት ብሬከር ነው የገዛሽልን? ይጥላል እኮ!"

ፀሐይወርቅ ወደ ቦርዱ ሮጠች፤ ገድሉም ተከተላት። በቢያዝን ቦታ የተቀጠረው ካሚል እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

"ገመድ ተነካክቶ ነው" አለ። "አሁን እቀጥለዋለሁ።"

ፀሐይወርቅ የካሚልን ሁለት እጆች አየች። ከዚያ የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ፣ ገድሉ እያያት፣ ቢያዝንን አለቀሰችው።