የእትዬ ሙሀባ ምርቃት

የሸዋ ሮቢት ገበያ እትዬ ሙሀባን የሚያውቃቸው በስፌታቸው ብቻ አይደለም። ሙዳያቸው ቆንጆ ነው፤ አለላው ዓይን ይስባል፣ ስፌቱም ጥብቅ ነው። ግን ቆንጆ ሙዳይ የሚሰፋ ሌላም ሰው አለ። ሰው የቆላውን ፀሐይ ታግሶ እሳቸው ዘንድ የሚመጣው ለምርቃታቸው ነው። ሲከራከር አርፍዶ አፋቸውን ያደረቀውን ገዢ እንኳን እንዲያው አይሸኙትም፤ ከዘንቢላቸው እንቁላል የምታክል ሙዳይ አውጥተው፣ እያጉረመረሙም ቢሆን ይጨምሩለታል። ያደጉት አሊዩ አምባ ነው። እናታቸው ቤት ገዢ የከፈለበትን ብቻ ይዞ ከሄደ የሚያፍረው ሻጩ ነበር።

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት ትህትና የምትባል መምህርት ከሐዋሳ ተመድባ መጣችና ግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየች። ስፌቱን አይታ ዝም ማለት አልቻለችም። በስልኳ ፎቶ አነሳችና በአንድ የውጭ አገር የኢንተርኔት ጨረታ ላይ ሱቅ ከፈተችላቸው፤ ክፍያውን ውጭ የሚኖረው ወንድሟ እየተቀበለ ይልክላቸዋል።

«ገዢዎቹ እየተሽቀዳደሙ ዋጋ ይጨምራሉ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ከሁሉም የበለጠውን ያቀረበ ይወስዳል» ብላ ስታስረዳቸው እትዬ ሙሀባ እስኪያስላቸው ሳቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ዋጋ ቀንሱ ሲላቸው ነው የኖሩት።

«በራሱ ላይ የሚጨምር ገዢ! ጤነኞች ናቸው?»

ጤነኞች ነበሩ፤ ገዙም። ሱቁ ሲደራ ጎረቤታቸው መሪያምና ሌሎች የሰፈር ሴቶችም አብረዋቸው መስፋት ጀመሩ። እትዬ ሙሀባ ታዲያ አንድም ቀን ትንሿን ሙዳይ ትልቁ ሆድ ውስጥ ሳይከቱ ክዳኑን ገጥመው አያውቁም። ማስታወቂያው ላይ አልተጻፈችም፤ ገዢው ክዳኑን ሲከፍት ነው የሚያገኛት። ገዢዎች አምስት ኮከብ ሲሰጡ ትህትና ታነብላቸዋለች፣ እሳቸውም «ኮከቡን እዚያው ያቆዩት» ይላሉ።

ከዚያ የጨረታው ድረ ገጽ ደንቡን ለወጠ። አንዳንድ አጭበርባሪ ሻጮች ከተበላሸ ዕቃ ጋር ስጦታ እየላኩ ጥሩ አስተያየት ያስጽፉ ነበር አሉ። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ ያልተጠቀሰ ነገር ጥቅሉ ውስጥ ከተገኘ መደለያ ተብሎ ሊቆጠር ሆነ፤ አንድ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ነው፣ በሁለተኛው ሱቁ ይዘጋል። ገዢን ለመጠበቅ ነው የተባለው። ደግ ነው። ግን አንድ ገዢ ደስ ብሎት የትንሿን ሙዳይ ፎቶ አስተያየቱ ላይ ለጥፎ ኖሮ፣ ማስጠንቀቂያው ለእትዬ ሙሀባ ደረሳቸው።

«መደለያ ማለት?» ሲሉ ጠየቁ።

«እንደ ጉቦ ቆጥረውት ነው፣ እትዬ።»

ወስፌያቸውን አስቀመጡ። ግትር ተብለው ያውቃሉ፣ ቁጡም ተብለዋል፤ ሁለቱም ልክ ነው። ጉቦ ሰጪ ግን ተብለው አያውቁም።

«ወላሂ ይዝጉት!»

«መሪያምስ?» አለች ትህትና ቀስ ብላ።

እትዬ ሙሀባ ወስፌያቸውን መልሰው አነሱ። መሪያም ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ ስፌት ነው። ሱቁን ዘግተው ክብራቸውን ቢያድኑ የሚራቡት የእሷ ልጆች ናቸው።

የሚቀጥለውን ሙዳይ ሆዱን ባዶ አድርገው አሸጉ። ክዳኑን ገጠሙ፣ ከፈቱ፣ መልሰው ገጠሙ። «ለቅሶ ቤት ባዶ እጄን የሄድኩ መሰለኝ» አሉ። ሙዳዩን የገዙት ኖርዌይ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ የድሮ ደንበኛ።

ጥቅሉ ደረሰና የአሮጊቷ መልእክት መጣ። ትህትና ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላቸው፤ «ሙዳዩ ደርሶኛል፣ ከበፊቶቹም ይበልጣል። ግን ክዳኑን ስከፍት ትንሿ የለችም። የሚሰፉት ሴት ደህና ናቸው? ታመው ይሆን ብዬ ሰጋሁ።»

እትዬ ሙሀባ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ፊታቸው እየበራ መጣ። የእናታቸው ቤት ሥርዓት ባሕር ተሻግሮ ሰው ቤት ገብቷል፤ ሲቀርም «አለሽ ወይ?» የሚያሰኝ ሆኗል! ኮሩ፤ ኩራታቸውንም ለመደበቅ አልሞከሩም። «ድገሚልኝ እስቲ» አሉ፤ መሪያምንም አስጠርተው እንደገና አስነበቡ።

ትህትና ግን ደንቡን ደግማ ስታነብ አንድ ነገር ታያት። «የሚከለክለው ያልተጠቀሰውን ነው። ብንጠቅሳትስ?»

«የተነገረ ምርቃት ምን ምርቃት አለው? እሱማ ዕቃ ነው!»

ቢሆንም መሪያም አጠገባቸው ተቀምጣ ነበርና እሺ አሉ። ማስታወቂያው ላይ «ከትልቁ ጋር ትንሿም ትመጣለች፤ ኮከብ ብትሰጡም ባትሰጡም» ተብሎ ተጻፈ። ስለ ኮከቡ የምትለዋን ቃል ያስገቡት እትዬ ሙሀባ ራሳቸው ናቸው። ድረ ገጹም ተቀበለው። ለኖርዌይዋ አሮጊት የቀረችባቸውን ትንሽ ሙዳይ ደግሞ ከሱቁ ውጭ፣ በፖስታ ላኩላቸው። «ይሄ ሽያጭ አይደለም። ለወዳጄ ብልክ ማን ይጠይቀኛል?»

ብዙም ሳይቆይ ትህትና አዲስ የተሰፋ ሙዳይ ፎቶ ልታነሳ ክዳኑን ገለበጠችው። ከውስጥ በኩል፣ ክዳኑ ሲገጠም በማይታይበት ቦታ፣ ቀጭን የቀይ አለላ ዙር ተሰፍቷል። ከዚያ በፊት በአንዱም ላይ አልነበረም። መልኩን ለማሳመር ከሆነ የተሰፋበት ቦታ አያሳይም፣ ሥራው ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? ማስታወቂያው ላይ ልጨምረው?»

እትዬ ሙሀባ ክዳኑን ከእጇ ተቀብለው ገጠሙት።

«እሱን እንኳ ተይው» አሉ። «ከፍተው ያግኙት።»