ዋጋ መናገር የተማርኩበት አገር

ከመርሳ በወጣሁበት ምሽት መብራት የጠፋው እማማ ዘነቡ ቤት ብቻ ነበር። ሻንጣዬ ደጅ ወጥቶ፣ ወንድሜ ሰይድ ባጃጅ ይዞ እየጠበቀኝ፣ እኔ በሞባይል ብርሃን የጎረቤቴን የተቃጠለ ብሬከር እቀይራለሁ። ሥራውን የተማርኩት እያየሁ፣ አንዳንዴም እየነዘረኝ ነው። ሰይድንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

«ስንት ልስጥሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ኧረ እማማ! ደስ ያለዎትን።»

ደስ ያላቸው ምርቃትና አንድ ፌስታል ማንጎ ነበር። ማንጎው ሞያሌን ሳላይ አለቀ።

ድንበሩ ላይ ሹሙ ቴስተሬን አገላብጦ አየና «ይሄ የባልሽ ነው?» አለኝ። «ባል የለኝም፤ ያለኝ ቴስተር ነው» ስለው ስቆ ማኅተሙን መታልኝ።

ናይሮቢ እንደ መርሳ የምትሞቅ መስሎኝ በስስ ልብስ ሄጄ ብርዱ ጥርሴን አንቀጫቀጨው። ኡጋሊ የሚሉት ምግባቸው ገንፎ ነው፤ ግን ለቅቤና ለበርበሬ ጉድጓድ የለውም። ዓይን የሌለው ገንፎ በሉት።

አከራዬ ማማ ጆይስ ሙያዬን ስትሰማ የቤቷን ሶኬት ሁሉ አሠራችኝ። ስጨርስ «ቤይ ጋኒ?» አለች፤ ዋጋው ስንት ነው ማለቷ ነው። እኔም እንዳገሬ «ደስ ያለሽን» አልኳት። ደስ ያላት «አሳንቴ ሳና» ሆነ። አመሰገነችኝና ጓዳዋ ገባች!

ወር ሲሞላ ኪራይ ልትቀበል መጣች።

«ደስ ያለኝን ልስጥሽ?» አልኳት።

በሩን ተደግፋ ሳቀች። «እኔ ኪራዩን የነገርኩሽ ሳትገቢ ነው። አንቺስ ግድግዳዬን ከመክፈትሽ በፊት ምን ነገርሽኝ?»

ከፈልኳት። ነገሯ ግን አብሮኝ ሰነበተ። እናንተም በእጃችሁ ሠርታችሁ የምታድሩ፣ ስሙኝማ፤ ገመድ መቀጠል የሥራው ትንሹ ነው። ብልሽቱን መፈለግ ሥራ ነው፤ መንገዱም ሥራ ነው። ፒንሳ ያረጃል። ጠሪ በሌለበት ቀንም ሆድ ይጠይቃል። ነገ ቢበላሽ ተመልሶ የሚመጣው ያው ሠሪው ነው። ይሄ ሁሉ ዋጋው ውስጥ ካልገባ ከጉሮሮ ይቀነሳል። ስለዚህ የዕቃውን ለብቻ፣ የእጅን ለብቻ፣ ያውም መፍቻው ሳይነሳ መናገር ነው። ናይሮቢ ላይ በእግሬ የቆምኩት እንዲህ እያልኩ ነው።

ከወጣሁ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በቀደም ሰይድ ደወለ።

«እታለም፣ ዓረብ አገር ልሄድ ነው። በባሕር።»

ባሕሩ የሰፈራችንን ልጆች እንደበላ እሱም ያውቃል።

«ሥራ የለም እንዴ?»

«ሥራማ ሞልቷል። ከውርጌሳ እስከ ግራና የምጠራው እኔ ነኝ። በልቶ ማደር ነው ያቃተኝ።»

«ዋጋ ትናገራለህ?»

«አሁን ሸህ ይማም አዲስ ለሠሩት ቤት የመብራት መስመር ልዘረጋላቸው መጥቻለሁ። ለሳቸው ዋጋ ልቁረጥ? በይ አንቺው ንገሪያቸው!» ብሎ ስልኩን ሰጣቸው።

ሸሁ ምርቃቱን አዘነቡት። በመሐል ገብቼ «ሸህ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ የሥራው ዋጋ አስቀድሞ ቢነገር…» አልኩ።

«ማን ከለከለው? ‹ደስ ያለዎትን› እያለ እኔንም ያስጨንቀኛል። ባሳንስ አፍራለሁ፣ ላበዛ ብል የለኝም። ሲጨንቀኝ እመርቀዋለሁ! በይ፣ ስንት ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ገመድ አሁን መርሳ በስንት እንደሚሸጥ አላውቅም። ከወልዲያ ዕቃ ማስመጫው ስንት እንደሆነ፣ የአንድ ሰው ምሳ ስንት እንደገባ አላውቅም።

«ሰይድ ይንገርዎት» አልኩ።

ሰይድ ጉሮሮውን ጠርጎ ዋጋውን ሲናገር ሰማሁ። «ይሁን» አሉ ሸሁ።

«ሰማሽ እታለም?» አለ ሰይድ ስልኩን ተቀብሎ።

«ሰማሁ። ታዲያ ትቀራለህ?»

«እስቲ ይቺን ልጨርስና። ዋጋውስ? አበዛሁ ወይስ አሳነስኩ?»

ተወልጄ ያደግሁበትን ከተማ ዋጋ ነው የጠየቀኝ። ብዙ ይሁን ትንሽ መለየት አቃተኝ።