በእናት ራስ ላይ የተማለ ገቢ

ሳምጁ አንደበቷ ክፉ ነው። ራሷም አትክድም፤ "ጥርሴ አልቆ ምላሴ ብቻ ቀረኝ፣ በሱ ካልነከስኩ በምን ልንከስ?" ትላለች። ሁለት ወንዶች ወልዳለች። ትልቁ ቫላብ ሱራት ከተማ የአልማዝ መሞረጃ ቤት ከፍቶ ሰው ቀጥሮ ያሠራል። ትንሹ ሀርሱክ በተወለደባት በባቭናጋር ቀለም መሸጫ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል፤ የሚኖረውም እናቱ ተድራ በገባችበት ቤት ነው። አባትየው ከሞተ ወዲህ እናታቸውን በተራ ይጦራሉ፤ ስድስት ወር ሱራት፣ ስድስት ወር ባቭናጋር። ተራው ሲደርስ አንዱ አውቶቡስ ላይ ይጭናታል፣ ሌላው ያወርዳታል። እንደ ድንች ጆንያ ማለት ነው እንግዲህ።

ጉልበቷ ካበጠ ወዲህ መንገዱ ጠላቷ ሆኗል። የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከባቭናጋር ቤቷ ሳትነሳ መሞት። ማን ይስማት! ዘንድሮ ጭራሽ ሁለቱም ስድስት ወሩ በዛብን አሉ።

"ሱራት ገንዘብ አለ ይላሉ" ይላል ቫላብ፤ "የሚገባውን እንጂ የሚወጣውን ማን አየ?"

"ባቭናጋርማ የሚገባም የለ" ይላል ሀርሱክ። "እዚህ ሰው ደሞዙን ሲጠየቅ ጉሮሮውን ያሳክከዋል።"

በመጨረሻ የሳምጁ ታናሽ ወንድም ታላክሺ ሽማግሌ ተደርጎ ተጠራና አንድ እሑድ ጠዋት ሁሉም ቫላብ ቤት ተሰበሰቡ። ከሰዓት በኋላ የቫላብ ልጅ ሊያገባት የታሰበችው ልጅ አባት ከራጅኮት ይመጣል፤ ስለዚህ ቫላብ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅለት ቸኩሏል።

ታላክሺ ጋትያ የሚሉትን የሽምብራ ዱቄት ጥብስ እየቆረጠመ "ብዙ ገቢ ያለው ብዙ ወር ይጡር" አለ። "ግን ሁለታችሁም ውሸታም ናችሁ። እጃችሁን በናታችሁ ራስ ላይ ጭናችሁ ማሉልኝ።"

በነሱ አገር በሰው ራስ ላይ በሐሰት ከተማለ፣ የሚሞተው ባለ ራሱ ነው። እናቴ ትሙት ማለት ለአፍ ቀላል ነው፤ እናትየው ከእጅህ ሥር ቁጭ ብላ ስትተነፍስ ግን ሌላ ነው። ሳምጁ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ሸርተት አድርጋ ጠበቀች። እውነቱን ታውቃለች። የቫላብን ሚስት የናይናን የወርቅ አምባሮች በዓይኗ እየመዘነች ስንት ወር ኖራለች።

መጀመሪያ ሀርሱክ ቀረበ። "በወር ሃያ ሺህ ሩፒ" አለ። የሚስቱን የስፌት ገቢ ዘሎታል። እጁ ግን ተንቀጠቀጠ፤ ሳምጁ በፀጉሯ ተሰማት።

ቀጥሎ ቫላብ መጣ። እጁ ሞቅ ያለ፣ ወፈር ያለ ነው። ዓይኑን በጨው አጥቦ "አርባ ሺህ፤ ከዚያ አንድ ሩፒ አይበልጥም" አለ። እጁ ፍንክች አላለም።

ወይ እኔ! አለች ሳምጁ በሆዷ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፤ የኔ ሁለቱንም አንድ ቀለም አወጣ። ያ እንኳ ትንሽ ፈርቶልኛል። ይሄኛው ግን ብሞትም ግድ የለው። ስድብ እየፈለገች ምላሷ ላይ አጣችው፤ በሕይወቷ እንዲህ ሆና አታውቅም። እንባዋ መጣባትና ዋጠችው።

ታላክሺ ገና ወሩን ሳያካፍል በሩ ተንኳኳ። የልጅቷ አባት ራምኒክ ቀድሞ ደርሶ ኖሯል። ናይና ያላትን አምባር ሁሉ እጇ ላይ አድርጋ ሻይና ጣፋጭ አቀረበች። ራምኒክ የራጅኮት ሰው ነው፤ ሲስቅም ሒሳብ አይረሳም።

"መቼም ልጄን ስሰጥ ቤቱን ማወቅ አለብኝ" አለ። "በስልክ የነገሩኝ ገቢ እንዳለ ነው?"

"እንዴታ!" አለ ቫላብ። "ሁለት መቶ ሺህ፣ ወር በገባ ቁጥር።"

ሳምጁ ጉልበቷን ይዛ ተነሣችና ልጇ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። የቫላብን እጅ ያዘች፤ አንሥታ በገዛ ራሷ ላይ ጫነችው።

"እንግዳው እንዲያምኑህ ማልላቸው፣ ልጄ" አለች። "እናት እያለችህ በምን ትምላለህ?"

ቫላብ አያት። ታላክሺ ሻዩን አፉ ላይ እንደያዘ ቀረ። ሳምጁ ጠበቀች፤ እጁን ቢያነሣ፣ ጉዱ ይውጣ ብሎ ቢያነሣ፣ ሁሉንም ይቅር ልትለው ነበር።

"ሁለት መቶ ሺህ" አለ ቫላብ። "በእናቴ ራስ።"

ራምኒክ ደስ ብሎት ጣፋጩን ጎረሰ። ሳምጁ እጁን ከራሷ ላይ እንደ ዝንብ ጣለችው።

"ሰማህ አይደል፣ ታላክሺ?" አለች። "ብዙ ያለው ብዙ ይጡር ያልከው አንተ ነህ። የዓመቱን ሁሉ ወጪ ቫላብ ይቻል። እኔ ግን እዚህ ቤት ውሃም አልጠጣም፤ ባቭናጋር ቁጭ ብዬ ነው የምጦረው። በየወሩ ይላክልኝ። ወይስ የጠዋቱን ጨዋታችንን ለእንግዳው ላጫውታቸው?"

የናይና ሰሃን ተንጋደደ። ቫላብ ፊቱ እንደ አመድ ሆነና "ምን ችግር አለው፣ እማ" አለ። ራምኒክም "እንዲህ እናቱን የሚወድ ሰው ዘንድሮ ከየት ይገኛል!" ብሎ አደነቀ።

ሳምጁ ያሰበችው ሆነ። ከቤቷ አትነሣም፤ አውቶቡስ በቃ። ደስ ሊላት ሲገባ ወደ በሩ ዞር አለች። ከእንግዲህ በየወሩ ገንዘብ ወደ ቤቱ የሚመጣለት ሀርሱክ ሻንጣዋን አንሥቶ ቆሟል፤ በዚህ ሁሉ የመንገድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ይዞላት አያውቅም።

"ነይ እማዬ" አለ እየሳቀ። "ቀስ በይ፣ እንዳትወድቂብኝ።"